በእንጨት ካልነኩት የማይነሳ ፋን

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኼ ነው።

«መኪናዬ 30 ዓመት ያለፋት ትንሽ የቤት አውቶሞቢል ናት። የራዲያተሯ ፋን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ክፍት መንገድ ላይ ሙቀቷ ምንም አይልም። መንገድ ሲጨናነቅ ግን የሙቀት ጌጁ መውጣት ይጀምራል። ኮፋኖ ከፍቼ ሳይ ፋኑ ቆሟል። በረጅም እንጨት ክንፉን ነካ ሳደርገው እያጓራ ይነሳል። አንዱ መካኒክ ፋኑን ቀይረው አለኝ። ሌላው ደግሞ ምን አስጨነቀህ፣ ከባትሪ በቀጥታ ማብሪያ ማጥፊያ እንሥራልህና ስትፈልግ አብራው አለኝ። ራሴ ልቀይረው እችላለሁ? ያገለገለ ልግዛ ወይስ አዲስ?»

አዎ፣ ራስዎ መቀየር ይችላሉ። የመጀመሪያው መካኒክም ልክ ነው፤ ፋኑ አልቆለታል። የሁለተኛው ማብሪያ ማጥፊያ ለጊዜው ይቆየን፣ እመለስበታለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱም ያልነገሩዎት ነገር ነው። እንዲህ እያጓራ የከረመ ፋን ብቻውን አይሞትም። ሶኬቱንና ሪሌውን፣ ማለትም የፋኑን ከረንት የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን በኤሌክትሪክ የሚነሳ ማብሪያ፣ አብሮ ይዞ ይወርዳል። ሰው ፋኑን ይቀይርና እነዚያን ይተዋቸዋል። አዲሱ ፋን ወር ሳይሞላው ይቆማል። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ምርመራውን ግማሽ መንገድ ሄደውበታል። መኪና በሰዓት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነፋሱ ራሱ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል፤ ፋን ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም። ሲቆም ያ ነፋስ የለም። ስለዚህ ሲሄድ ደህና ሆኖ ሲቆም ሙቀት የሚሠራ መኪና ጣቱን የሚቀስረው ፋኑ ላይ ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም በፍጥነት ሲሄዱ ወይም ዳገት ሲወጡ ብቻ ቢሞቅ፣ ስለ ፋን ጨርሶ አላወራዎትም ነበር። ያን ጊዜ የምንፈትሸው የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፈት ቴርሞስታት (ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ነው።

እንጨቱ ደግሞ ቀሪውን ነግሮዎታል። ፋኑን የሚያዞረው ትንሽ የዲሲ ሞተር ነው። መሃሉ ላይ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ክፍል አለ። ለእሱ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖች ናቸው። ካርቦኖቹ በትንንሽ ሞላ እየተገፉ መዳቡ ላይ ይፈተጋሉ። ፋኑ በዞረ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያሉ ያልቃሉ። በጣም ሲያጥሩ ሞላው አጥብቆ መግፋት ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ ፋኑ እንደ ዕድሉ ነው። ጥሩ ቦታ ላይ ከቆመ ይነሳል፣ መጥፎ ቦታ ላይ ከቆመ አይነሳም። እርስዎ በእንጨት ነካ ሲያደርጉት ካርቦኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀየሩለት፣ ተነሳ። ይኸው ነው ምስጢሩ።

ማጓራቱ የካርቦን አይደለም። የአብዛኞቹ ፋኖች ሞተር ሻፍት የሚዞረው በኩሽኔታ ላይ ሳይሆን ዘይት በመጠጠ የነሐስ ቀለበት፣ ቡሺንግ፣ ውስጥ ነው። አቧራው፣ ውሃው፣ የራዲያተሩ ትኩሳት ተደራርቦ በጊዜ ብዛት ያን ዘይት ያደርቀዋል። ቡሺንጉ ይሰፋል። ሻፍቱ ይወላገዳል። ሞተሩ በግድ እየታገለ መዞር ይጀምራል። የሚታገል ሞተር ደግሞ ብዙ ከረንት ይስባል። ይህቺን ይያዙልኝ፤ የሚቀጥለው ሁሉ ከእሷ የሚመጣ ነው።

ጤነኛ የትንሽ መኪና ፋን ሲዞር በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 አምፔር ይስባል። ሲነሳ ለቅጽበት ከዚያ በብዙ ይበልጣል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ተጣብቆ የቀረ ፋን ግን አይረጋጋም። ከረንቱ ይገባል፣ የሚዞር ነገር የለም። ኃይሉ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያጠቃው ደካማውን ቦታ ነው፤ ሶኬቱን። 30 ዓመት ሙሉ ሲሞቅና ሲበርድ የኖረ ሶኬት ውስጡ ዝጓል። የተርሚናሉ አያያዝ ላልቷል። ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ከሶኬቱ ቀጥሎ ተራው የሪሌው ነው። የሚነካካበት ነጥብ ይቆነቆናል፣ አንዳንዴም ተበይዶ ይቀራል።

እኔ ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ገና ዕቃ አቀባይ እያለሁ የመጀመሪያ ፋኔን ቀየርኩ። አዲስ ሞተር፣ ከነካርቶኑ። ገጠምኩት፣ ዞረ፣ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ባለመኪናው ተመልሶ መጣ። ፋኑ ቆሟል። ሞተሩን አውጥቼ ከባትሪ ጋር ሳገናኘው እንደ አውሎ ነፋስ ይዞራል። መልሼ ስሰካው ድርቅ። ግራ ገባኝ። አለቃዬ መጣ። ሞተሩን ዞር ብሎም አላየውም። ሶኬቱን ነቀለና አሸተተው። ከዚያ አፍንጫዬ ስር አስጠጋልኝ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ምንም አላለኝም፤ ሶኬቱን እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሶኬት ሳላሸት ፋን ገጥሜ አላውቅም።

እንግዲህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ይስጡኝ። የመኪናዋ ሞተር ይቀዝቅዝ። የፋኑን ሶኬት ይንቀሉ። ሁለት ወፈር ያሉ ሽቦዎች ከባትሪው ወደ ፋኑ ይውሰዱ፤ በፖዘቲቩ ሽቦ መሃል 30 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ፊውዙን አይዝለሉት፣ ሽቦው ቢነካካ የሚያድንዎት እሱ ነው። እጅጌዎን ይሰብስቡ፣ ነጠላም ሆነ ሻርፕ ካለ ያውልቁ። አሁን ያገናኙት። አንዴ ቢነሳ አይመኑት። አምስት ስድስት ጊዜ እያስቆሙ ያስነሱት። የእርስዎ ፋን ከስድስቱ በአንዱ እንቢ ይላል ብዬ እገምታለሁ። እንቢ ካለ ፍርዱ ተሰጥቷል። በስድስቱም ያለ ድምፅ ተፈናጥሮ ከተነሳ ግን ቆም ይበሉ፤ ችግሩ ወደ ፋኑ በሚመጣው መስመር ላይ ነው።

መስመሩን የመፈተሻው ቀላል መንገድ ኤሲ ነው። መኪናዋ ኤሲ ካላትና የሚሠራ ከሆነ ሞተር አስነስተው ያብሩት። በአብዛኞቹ መኪናዎች ኤሲ ሲበራ ፋኑም አብሮ መነሳት አለበት። ሁለተኛው መንገድ ራዲያተሩ ላይ ወይም ቴርሞስታቱ አካባቢ ያለው የሙቀት ስዊች ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ስዊቾቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። በብዙዎቹ ላይ ስዊቹ ሲሞቅ ይገናኛል። እነዚህን ለመፈተሽ ሶኬቱን ነቅለው ሁለቱን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ቁልፉ ተከፍቶ ፋኑ መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን ነገሩ ግልባጭ ነው። ስዊቹ ሲቀዘቅዝ የተገናኘ ነው፣ ሲሞቅ ይላቀቃል። እነዚህ ላይ ሶኬቱን መንቀል ብቻ ፋኑን ያስነሳዋል። ብልህ አሠራር ነው፤ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ሞተሩ ከሚነድ ፋኑ ይዙር ያሉ ሰዎች ናቸው የነደፉት።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለዎት አንድ ልኬት ብቻ ይውሰዱ። ሞተሩ እየሠራ፣ ፋኑም እየዞረ፣ መጀመሪያ ባትሪው ላይ ቮልቱን ያንብቡ። 14 አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ፋኑ ሶኬት ላይ፣ ሳይነቅሉት፣ ከጀርባው በኩል ያንብቡ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት እስከ 1 ቮልት ድረስ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። ባትሪው 14 ብሎ ሶኬቱ 11 ካለ ግን 3 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ፋኑ 15 አምፔር ቢስብ ሦስቱ ቮልት 45 ዋት ማለት ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚበይድበት ብረት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ያ ሁሉ ሙቀት የፕላስቲክ ሶኬት ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ስለዚህ ፋኑን ሲገዙ ሪሌውንም አብረው ይግዙ። ሶኬቱ ላይ ቡናማ ቀለም ካዩ አዲስ ሶኬት ከነአጭር ሽቦው ያስገቡ። ከዋናው ሽቦ ጋር ሲያገናኙት ጠምዝዘው በናስትሮ ብቻ አይጠቅልሉት። ይበየድ፣ ወይም በፒንሳ በሚጨመቅ ማገናኛ ይታሰር። ፍጹም ቸኩለው ከሆነ ይህን ሥራ ለሌላ ቀን ያሳድሩት እንጂ በናስትሮ አይለፉት።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? እኔ ሞተሩን አዲስ እመርጣለሁ። ካርቦንና ቡሺንግ የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። ያገለገለ ሲገዙ የሌላ ሰው መኪና ላይ ያለቀ ዕድሜ ነው የሚገዙት። ክንፉንና ዙሪያውን የያዘውን ጥቁር የፕላስቲክ ቀፎ ግን፣ ካልተሰነጠቀ፣ የራስዎን ያቆዩ። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ልኩ ነው። አዲስ ሞተር ጨርሶ ካልተገኘና ያገለገለ መግዛት ግድ ከሆነ ሻፍቱን ይዘው ወደ ጎን ያወዛውዙት። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይተዉት። ካልሆነ እዚያው በባትሪ 10 ደቂቃ ያህል ያስዙሩት፤ ሻጩ ቢቸኩልም እርስዎ አይቸኩሉ። ከዚያ አሽትቱት። ሳቅዎ ቢመጣም አሽትቱት።

አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። በዓይን ተመሳሳይ የሚመስሉ ሞተሮች የሻፍታቸው ቅርጽ፣ የብሎን ቀዳዳቸው ርቀት፣ ውፍረታቸው ይለያያል። የሚዞሩበት አቅጣጫም ይለያያል፤ ይህን ሰው ይረሳል። ክንፉ ለአንድ አቅጣጫ የተቀረጸ ነው። ወደ ቀኝ ለሚዞር የተሠራ ክንፍ ወደ ግራ በሚዞር ሞተር ላይ ቢገጠም ነፋሱን ወደተሳሳተ ወገን ይገፋል፣ እሱንም በድካም።

«ለሁሉም መኪና የሚሆን» እየተባሉ የሚሸጡ ፋኖች አሉ። በራዲያተሩ ቅጠሎች መሃል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የሚታሰሩት። እኔ አልወዳቸውም። ራዲያተሩን እየነቀነቁ ከርመው ቱቦውን ይበሱታል። ደግሞም ቀፎ የላቸውም። ቀፎ ጌጥ አይደለም። ፋኑ የራዲያተሩን ገጽ በሙሉ እንዲስብ የሚያደርገው እሱ ነው። ያለ ቀፎ ፋኑ የሚያቀዘቅዘው ፊት ለፊቱ ያለችውን ክብ ብቻ ነው፤ አራቱ ማዕዘን ትኩስ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራው። የመኪናዋ ሞተር ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈትም፤ ይህን ያውቁታል፣ ግን ምክንያቱን ልንገርዎት። ክዳኑ 1 ባር ያህል ግፊት ይይዛል። በዚያ ግፊት ንጹሕ ውሃ የሚፈላው 120 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል። 110 ዲግሪ ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው ውሃ በቅጽበት ይፈላና ፊት ላይ ይመጣል። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። ብዙ መኪናዎች ላይ ፋኑ ቁልፍ ወጥቶም በራሱ ሊነሳ ይችላል። ጣትዎ ክንፉ መሃል እያለ እንዲነሳ አይፈልጉም።

ስልክዎን አውጥተው ፎቶ ያንሱ። ሽቦው በየት እንደሚያልፍ፣ የቱ ማሰሪያ የት እንደነበር። በኋላ ያመሰግኑኛል። ቀፎውን የያዙት ብሎኖች በብዙ መኪና ላይ ሁለት ወይም አራት ናቸው፤ የጃፓን መኪና ከሆነች 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። በብዙዎቹ ላይ የላይኞቹ ሁለቱ ብቻ ብሎን ናቸው፣ የታችኛው ጠርዝ ራዲያተሩ ላይ ባለ ማስገቢያ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ብሎኖቹን ፈተው ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ወደ ራስዎ አይጎትቱት፤ ማስገቢያው ይሰበራል።

የራዲያተሩ የላይኛው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦው) መንገድ ከዘጋብዎ ከታች ባለው መክፈቻ 2 ሊትር ያህል ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) በንጹሕ ዕቃ አውጥተው የቱቦውን ማሰሪያ፣ ፋሼታውን፣ ይፍቱ። ያረጀ ማኒኮቶ ተጣብቆ እንቢ ይላል። በካቻቢቴ አይፈንቅሉት። የድሮ ራዲያተር ላይ ያለው የፕላስቲክ አፍ እንደ ብስኩት ነው፤ ፋን ሊቀይሩ ገብተው ራዲያተር ገዝተው ይወጣሉ። ማኒኮቶውን ይዘው ግራና ቀኝ ያሽከርክሩት። ካልሆነ ጫፉን በምላጭ ሰንጥቀው ያውጡት፣ ርካሹ እሱ ነው።

አንድ ነገር አይርሱ። ቀፎውን ከማንሳትዎ በፊት በፋኑና በራዲያተሩ መሃል አንድ ወፍራም ካርቶን ወደ ታች ይልቀቁ። የራዲያተሩ ቅጠሎች በጣት ጥፍር የሚተኙ ስሶች ናቸው። አንዴ የቀፎው ጠርዝ ከጫራቸው የሚያልፈው ነፋስ ይቀንሳል፣ ቱቦውን ከነካው ደግሞ ያፈሳል።

ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ሥራው ቀላል ነው። ክንፉን ሻፍቱ ላይ የያዘው አንድ ዳዶ ነው። ከመታገልዎ በፊት ጥርሱን አስተውለው ይዩት። በአንዳንዶቹ ላይ ግራ ነው፤ ማለትም በተለምዶ በሚያጠብቁበት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ክንፉ እንዳይዞር በእጅዎ ይያዙት እንጂ በመፍቻ አይያዙት። ሞተሩ ከቀፎው ጋር የታሰረው በሦስት ብሎን ነው፣ ብዙ ጊዜ።

ክንፉን ይጠቡትና ስሩን፣ ከመሃሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ በብርሃን ይመርምሩት። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ክንፉ አለቀለት። በማጣበቂያ አይጠግኑት። በደቂቃ 2000 ዙር ገደማ የሚዞር ነገር ነው። ሲላቀቅ መጀመሪያ የሚያገኘው ራዲያተሩን ነው።

ቀፎው በወጣበት አጋጣሚ ራዲያተሩን ከሞተር በኩል ወደ ፊት ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ይጠቡት። ከፊት ሆኖ በግፊት መርጨት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል። የኤሲ ኮንደንሰር ካለ በእሱና በራዲያተሩ መሃል ምን እንደተከማቸ ሲያዩ ይገረማሉ። እኔ አንዴ የላባ ትራስ የተቀደደ መስሎኝ ነበር።

መልሰው ሲገጥሙ ክንፉን በእጅዎ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት። የትም መንካት የለበትም። ሽቦው ወደ ክንፉ እንዳይወድቅ እንደ ፎቶው ይሰሩት። ባትሪውን ይመልሱና ፋኑን ያስነሱት፤ በኤሲም ይሁን በስዊቹ። አሁን የወረቀት ፈተና ይመጣል። አንድ ተራ ወረቀት ከመኪናዋ ፊት ለፊት፣ ፍርግርጉ ላይ ያስጠጉ። ወረቀቱ ተስቦ ከተለጠፈ ጨርሰዋል። ወደ እርስዎ ከተገፋ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጧል። የተገላበጠ ፋን ቆመው ሲያዩት ይዞራል፣ ድምፁም ያምራል። መኪናው ሲሄድ ግን ከሚመጣው ነፋስ ጋር ይጣላል።

ኩላንት ያወጡ ከሆነ መሙላቱ ቀላል ነው፣ አየሩን ማስወጣቱ ነው ጣጣው። ውሃ ብቻ አይሙሉ፤ በግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያቁሙ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ በቅዝቃዜው ያስነሷት። የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ያድርጉት። ማኒኮቶውን በእጅዎ ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉት። አረፋው እስኪቆም እየሞሉ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይዝጉት። አየር ከቀረ ስዊቹ ውሃ ሳይሆን አየር ይነካል። አየር እንደ ውሃ ሙቀት አያደርስም። ሞተሩ እየነደደ ፋኑ ዝም ይላል፤ እርስዎም አዲሱን ፋን ይረግማሉ።

ከዚያ በቆመችበት ትሥራ። ቴርሞስታቱ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መሃል ይከፈታል፣ ፋኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ 95 አካባቢ ሲደርስ ይነሳል። ሲነሳ፣ ጥቂት ሠርቶ ሲያጠፋ፣ እንደገና ሲነሳ ያዩታል። ሦስት ጊዜ እስኪያዩ አይሂዱ።

አሁን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ግን መጀመሪያ ነገር፣ የእርስዎ ችግር የፋኑ ሞተር ነው። ያለቀ ካርቦን በማብሪያ አይረዝምም። መሃል መንገድ ላይ ማብሪያውን ይጫኑታል፣ ፋኑ አይነሳም፣ እርስዎ ግን ያበሩ መስሎዎት ይነዳሉ። ሁለተኛ፣ ሰው ይረሳል። ስልክ ይደወላል፣ ወሬ ይጀመራል፣ ጌጁን የሚያይ የለም። ብዙ መኪናዎች ላይ ደግሞ ቀስቱ መሃል ላይ እንዲረጋ ተደርጎ የተሠራ ነው። መንቀሳቀስ ሲጀምር ሙቀቱ ከሄደ ቆይቷል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ፣ የሚነደው በዚያች መሃል ነው። ሦስተኛ፣ መኪናው ውስጥ የሚገጠም ትንሽ ማብሪያ 15 እና 20 አምፔር ተሸክሞ አይኖርም። ዳሽቦርዱ ስር የቀለጠ ማብሪያ አውጥቼ አውቃለሁ፣ አንድ ብቻም አይደለም።

የሙቀት ስዊቹ ተበላሽቶ ምትኩ እስኪመጣ ድረስ ከሆነ እሺ፣ ይሠራ። ግን በሪሌ ይሁን። 30 ወይም 40 አምፔር የሚችል ሪሌ፤ ቁጥር 30 ከባትሪ፣ ቁጥር 87 ወደ ፋኑ፣ ከ85 እና 86 አንዱ በማብሪያው በኩል ከባትሪ፣ ሌላው ወደ መኪናዋ አካል (ኔጌቲቭ)። ማብሪያው የሚሸከመው ሪሌውን ማንቂያ ትንሽ ከረንት ብቻ ይሆናል። ወደ ፋኑ የሚሄደው ሽቦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን እንጂ ፋኑ አጠገብ አይሁን፤ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው።

ይህን እያነበቡ «የእኔ ፋን እኮ በቺንጋ (በሞተሩ ቀበቶ) ነው የሚዞረው» የሚሉ ይኖራሉ። ሞተሩ በቁመት በተቀመጠባቸው የድሮ መኪናዎችና ፒክ አፖች ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚያረጀው በፋኑና በውሃ ፓምፑ መሃል ያለው ፋን ክላች ነው። ውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለ። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ክንፉን በእጅ ወርወር ያድርጉት። ያዝ ያዝ እያለ ቶሎ መቆም አለበት። ብዙ ዙር በነፃ ከተሽከረከረ፣ ወይም መሃሉ ላይ ቅባት ያዘለ አቧራ ከታየ ክላቹ ሄዷል። ክንፉን ወደ ፊትና ወደ ኋላም ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ የፓምፑም ኩሽኔታ ይመርመር። ሞተር እየሠራ ደግሞ በፋኑ ጎን፣ ክንፉ በሚዞርበት መስመር ላይ አይቁሙ።

የአውሮፓ መኪና ካለዎት አንድ ቃል ልጨምር። ብዙዎቹ ፋኖቻቸው ሁለት ፍጥነት አላቸው። ዝቅተኛው በሬዚስተር በኩል ነው የሚመጣው። ሬዚስተሩ ሲቃጠል ዝቅተኛው ይጠፋል፣ ፋኑ የሚነሳው ሙቀቱ በጣም ሲወጣ ብቻ ይሆናል፣ ያኔም እንደ አውሮፕላን ይጮኻል። ሰው የፋኑን ሞተር ይቀይራል። ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም።

የእርስዎ ዕቃ እስኪመጣ መንዳት ግድ ከሆነብዎ ኤሲውን አያብሩ። ጌጁ መውጣት ሲጀምር የውስጥ ማሞቂያውን ሙቅ አድርገው ማራገቢያውን እስከ ጫፍ ይክፈቱት። ያልብዎታል፣ ግን እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ እርስዎ ያመጣዋል። ቀዩ ከደረሰ ዳር ይዘው ያጥፉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍሱ፣ ቴስታታው ይጣመማል። እንጨቱንም ከመኪናው አያውርዱት።

አዲሱን ከገጠሙ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ፋኑ ደጋግሞ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው፣ የፋኑን ሶኬት በሁለት ጣት ይያዙት። አጠገቡ ያለ ሌላ ሶኬትም ይያዙ፤ ኮፋኖ ስር ሁሉም ነገር ይሞቃልና ማወዳደሪያ ያስፈልጋል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ኮፋኖውን ዘግተው ይሂዱ። የፋኑ ሶኬት ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ፋኑን አይንኩት። ሶኬቱን ነው እንደገና የምንሠራው።